አርባና ሠላሳ ሃምሳ የሆኑበት ደቦ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለበሬው ለዳልቻ እንኳ አልነገርኩትም፤ ነገሩ የራሱን ነፍስ የሚመለከት ሆኖ ሳለ። ዓይን አፋር ነኝ፤ ብዙ ዓይን ሲያርፍብኝ ጆሮዬ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ምላሴም ይተሳሰራል። በዚያ ላይ አህያ ነኝ። አህያ አፏን ስትከፍት የሚጠበቅባት ማናፋት ብቻ ነው። እኔ ግን የተማርኩ አህያ ነኝ። ይህን ስል አፍራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እኮራለሁም። እንግዲህ ዛሬ ልናገረውና ይውጣልኝ።

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ገደል ሥር፣ የአገሩ እንስሳ ሁሉ የሚጠጣባት አንዲት ምንጭ ነበረች። በክረምቱ ማብቂያ ላይ ኃይለኛ ነፋስ መጣና ከገደሉ አፋፍ የዋርካ ግንድ ገንድሶ በምንጯ አፍ ላይ ጣለው። ውኃው መውጫ አጣ። ከታች ያለው ኩሬያችን በሳምንት ውስጥ ደረቀ። የሚዳቋ ግልገሎች ጠዋት በድንጋይ ላይ ያደረውን ጤዛ እየላሱ ይውሉ ጀመር።

ግንዱ ሊወጣ የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ከፊቱ ቀጥ ያለ ቦይ አለ፤ በዚያ ላይ ተንሸራቶ መሄድ አለበት። ታዲያ ከግንዱ ሥር እየሰረገ የወጣው ውኃ ቦዩን አረንቋ አድርጎታል፤ የገባበት እንስሳ እስከ ሆዱ ይሰምጣል። ቆሞ መጎተት የሚቻለው ከቦዩ ግራና ቀኝ ባለው ደረቅ መሬት ላይ ብቻ ነው።

የአገሩ ገዥ አንበሳ ነበርና «ደቦ ይጠራ!» ብሎ አዘዘ።

የእኛ አገር ደቦ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። እያንዳንዱ እንስሳ ጉልበቱ አስቀድሞ ይለካል። በሜዳ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት ይሰጡታል፤ በላዩ ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ስንት ድንጋይ እንደ ጎተተ ይቆጠራል። በሥራው ቀን ቆጣሪው ቀበሮ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆምና የእያንዳንዱን ጉልበት ይጠራል። ተሰብሳቢው «ይደመር!» ይላል። ድምሩ ሥራው ከሚፈልገው ጉልበት ከበለጠ ሥራው ይጀመራል። ድምሩ በልጦ ሥራው ካልተሠራ ግን ከጎታቾቹ አንዱ ጉልበቱን ሰርቋል ማለት ነው። የጉልበት ሌባ ቅጣቱ አንድ ነው፤ ለጅብ ይሰጣል። ጅብ ታዲያ ከደቦ ቀርቶ አያውቅም። ሥራ ሳይነካ ዳር ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል።

እኔና ዳልቻ የዱር እንስሳት አልነበርንም። አንድ ጌታ ነበሩን፤ እርሳቸው ሲያርፉ ቤቱ ተዘጋና ተያይዘን ወደዚህ አገር መጣን። ዳልቻ በዕድሜ ይበልጠኛል። ንፋስ ሲመጣ በንፋሱ በኩል የሚቆመው እርሱ ነው። ሣር ሲያገኝ ለምለሙን ለእኔ ትቶ ደረቁን ይበላል፤ «ጥርሴ ደረቅ ነው የሚወደው፣ እታለም» ይለኛል። ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ። ከእርሱ ሌላ ዘመድ የለኝም።

የተማርኩትም በጌታችን ቤት ሳለሁ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለአንድ ትምህርት ቤት ውኃ አመላልሻለሁ። ጀሪካኖቹ ተራግፈው እስኪመለሱ ድረስ የምታሰረው ከአንድ ክፍል መስኮት ሥር ነበር። በክፍሉ ውስጥ ሒሳብ የምታስተምረው መምህርት ፀዳለ ድምፅዋ ጎላ ያለ ነው። «ልጆች፣ ቬክተር ማለት መጠንም አቅጣጫም ያለው ነገር ነው!» ትላለች። «አቅጣጫውን ረስታችሁ የምትደምሩ ከሆነ ቬክተር ሳይሆን ድንች ነው የደመራችሁት!» ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም፤ በኮቴዬ አቧራው ላይ እሥላለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አልገባኝም። በሁለተኛው ዓመት ጎነ ሦስት ገባኝ። በአራተኛው ዓመት መምህርቷ ጥያቄ ስትጠይቅ፣ እጅ የሚያወጣ ተማሪ ሳይገኝ፣ እኔ መልሱን አቧራው ላይ ጨርሼ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ያየኝ የለም። ዘበኛው በመጥረጊያ ጠረገው።

የደቦው ዕለት ጠዋት ሁሉም ተሰበሰበ። ጦጢት ከልጥ ሁለት ገመድ ፈትላ አመጣች። የእያንዳንዱ ርዝመት ሰባት እርምጃ ነው። ገመዶቹ ከግንዱ አፍንጫ ላይ ታሰሩ፤ አንዱ ወደ ቀኙ ዳር፣ አንዱ ወደ ግራው ዳር ተዘረጋ። በቀኝ ጎሽ ቆመ፤ በግራ ዳልቻ ቆመ።

ቀበሮ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ጅራቱን አስተካከለ።

«ግንዱ ስንት ይፈልጋል?» አለ።

ኤሊ ከሽማግሌዎቹ መካከል አንገቷን አወጣች። «አምና ይህን የሚያክል ግንድ ዝሆን ጭቃው ሳይበግረው፣ ብቻውን በዚሁ ቦይ ቀጥ አድርጎ ጎትቶ አውጥቶታል። የዝሆን ጉልበት ስድሳ ድንጋይ ነበር። አንድም አልተረፈው።»

«ዝሆንስ የት አለ?» አለ ጅብ።

«ወደ ቆላ ወርዷል፣ አያ ጅቦ። ዓመት ሆነው።»

«ሳልሰናበተው!» አለ ጅብ፣ አፉን እየጠራረገ።

«ስድሳ ነው እንግዲህ!» አለ ቀበሮ። «ጎሽ፣ ስንት ነህ?»

«አርባ!» አለ ጎሽ። ምድሩ ተንቀጠቀጠ።

«ዳልቻ፣ አንተስ?»

«ሠላሳ» አለ ዳልቻ፣ ረጋ ብሎ።

«ምን ይሁን?»

«ይደመር!» አለ ተሰብሳቢው በሙሉ።

«አርባና ሠላሳ፣ ሰባ! ከስድሳ በአሥር ይበልጣል!»

«አሥሩ ለእኔ ነው?» አለ ጅብ።

«የሚበላ አይደለም፣ አያ ጅቦ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልናል?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ገመዶቹን እያየሁ ነበር። ከቦዩ መሃል እስከ ዳሩ አምስት እርምጃ ነው። ገመዱ ደግሞ ሰባት። ዓይኔን ጨፍኜ ጎነ ሦስቱን ሣልኩት። እያንዳንዱ ገመድ ከቦዩ አቅጣጫ በአርባ አምስት ዲግሪ ያህል ተገንጥሏል። ስለዚህ ሁለቱ ገመዶች በመካከላቸው እንደ ቤት ማዕዘን ሆነው ተከፍተዋል፤ ዘጠና ዲግሪ። አርባና ሠላሳ በማዕዘን ሲቆሙ ደግሞ ሰባ አይሆኑም። ሃምሳ ነው የሚሆኑት። የአርባ ስኩዌር ከሠላሳ ስኩዌር ጋር ሲደመር የሃምሳ ስኩዌር ነው። ይህን በእንቅልፌም ቢጠይቁኝ አልስትም።

ሃምሳ ደግሞ ስድሳን አያወጣም።

አፌን ከፈትኩ። በእውነት ከፈትኩ። ከጎኔ ያለችው ጦጢት ግን ዞር ብላ፣ «እሰይ! እሜቴ አህያ ደቦውን በዘፈን ልትከፍትልን ነው!» አለች። ግልገሎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረው ተንከተከቱ። ጆሮዬ ተኛ። ዳልቻ ከማዶ፣ «እታለም፣ ምን ፈለግሽ?» ብሎ ጮኸ።

«ምንም» አልኩት። «ዝንብ ነው።»

የደበቅሁት ይህን ነው። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት አውቄ ነበር። አውቄ ዝንብ ነው አልኩ።

«ጎትቱ!» አለ አንበሳ።

ጎሽ ጎተተ። ዳልቻ ጎተተ። የዳልቻ የአንገት ጅማት እንደ ሐረግ ተገታተረ፤ ጉልበቱ መሬት እስኪነካ ዘመመ። ገመዶቹ ጮኹ። ግንዱ ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ አፍንጫውንም አንድ ጣት ያህል ወደ ጎሽ በኩል አዘመመ። ከዚያ በኋላ ግን አልንቀሳቀስ አለ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሦስት ጊዜ እዚያው ቀረ።

 ቀበሮ ከቋጥኙ ወርዶ የግንዱን አፍንጫ ዞረው፣ አሸተተው፣ አንገቱን ነቀነቀ።

«ጌታዬ» አለ ለአንበሳ፣ «ድምሩ ሰባ ነው፤ እርስዎም ሰምተዋል። ሥራው ስድሳ ነው። አንዱ ጉልበቱን ሰርቋል። ማን ነው ካሉኝ ደግሞ ግንዱ ራሱ ይመሰክራል። ወዴት አዘመመ? ወደ ጎሽ። ጎሽ ከልቡ ስቧል ማለት ነው። ዳልቻ ግን ለማስመሰል አንገቱን ወጥሮ ቆሟል።»

ነገሩ ለሰሚው እውነት ይመስላል። ቀበሮ ክፉነቱ ይኸው ነው፤ ውሸቱን በእውነት ማስረጃ ይጠቀልለዋል። በዚያ ላይ ጎሽን ሌባ ለማለት የሚደፍር አልነበረም።

ጅብ ብድግ አለ። ደቦው ከተጀመረ ወዲህ በእግሩ ሲቆም የመጀመሪያው ነው።

«ዳልቻ ሆይ» አለ፣ ዙሪያውን እየዞረ፣ «እኔ በግል አልጠላህም። ሻኛህን በተለይ አከብረዋለሁ።»

ዳልቻ ቀና ብሎ አንበሳን ተመለከተ። «ጌታዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቀንበር ተሸክሜአለሁ። ሠላሳ ካልኩ ሠላሳ ሰጥቻለሁ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

አንበሳ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ፊቱ ደስ ያለው አይመስልም ነበር። ግን ሕግ ሕግ ነው። «ፀሐይ አናት ላይ ናት» አለ በመጨረሻ። «ስታዘነብል ፍርዱ ይፈጸማል።»

«ስታዘነብል ማለት ወዴት በኩል ነው?» አለ ጅብ፣ ወደ ሰማይ እያንጋጠጠ። «ትንሽ ያዘነበለች አይመስላችሁም?»

 ዳልቻ በንፋስ በኩል የሚቆምልኝ ጊዜ ሁሉ ታወሰኝ። ከዚያ በኋላ ማን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ራሴን ከተሰብሳቢው መሃል አገኘሁት።

«ጌታዬ» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። «ዳልቻ አልሰረቀም። የሰረቀው ማዕዘኑ ነው።»

«ማን ነው ማዕዘኑ?» አለ ጅብ። «የት ነው ያለው? እርሱንስ መብላት ይቻላል?»

ቀበሮ ሳቀ። «ጌታዬ፣ አህያ ሒሳብ ስታስተምረን ልናመሽ ነው?»

«ምሳ ሰዓት ነው፤ መሽቶም አይደል» አለ አንበሳ። «ተናገሪ፣ አህዪት። ነገር ግን ልብ በይ፣ ፍርድ ካቆምሽ በኋላ ተሳስተሽ ከተገኘሽ ከወዳጅሽ ጋር አብረሽ ትሄጃለሽ።»

«ሁለት!» አለ ጅብ። በሕይወቱ ሳይሳሳት የደመረው ይህን ብቻ ነው።

ጦጢትን እንጨት ለመንኳት። አራት ስንዝር የሆነ አንድ፣ ሦስት ስንዝር የሆነ አንድ ሰጠችኝ። ረጅሙን አቧራው ላይ በጎሽ ገመድ አቅጣጫ አጋደምኩት። አጭሩን ከረጅሙ ጫፍ አስነሥቼ በዳልቻ ገመድ አቅጣጫ አጋደምኩት።

«ይህ ጎሽ ነው፤ አንድ ስንዝር አሥር ድንጋይ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ዳልቻ ነው» አልኩ። «ግንዱ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይታዘዛል። መጀመሪያ በጎሽ መንገድ፣ ቀጥሎ በዳልቻ መንገድ እንደ ሄደ ቁጠሩት። ከተነሣበት እስከ ደረሰበት ስንት ስንዝር ነው? ጦጢት፣ እስኪ ለኪው።»

ጦጢት ከመጀመሪያው እንጨት ጭራ እስከ ሁለተኛው ጫፍ በቀጥታ ለካች። እንደገና ለካች። ከዚያ እጇን አየች፣ እጇ ያጠረ መስሏት።

«አምስት» አለች።

«ሰባት በይ እንጂ!» አለ ቀበሮ።

«ና ራስህ ለካ! አምስት ነው አልኩህ።»

«ሃምሳ ድንጋይ ማለት ነው» አልኩ። «ዳልቻ ሠላሳውን ሙሉ ሰጥቷል። ጎሽም አርባውን ሰጥቷል። ግን ወዴት? ገመዶቹ ወዲያና ወዲህ ስለተከፈቱ ከጉልበታቸው ብዙው እርስ በርስ ሲጓተት ባከነ። ግንዱ ወደ ጎሽ ያዘመመውም አርባ ከሠላሳ ስለሚበልጥ ነው፤ ዳልቻ ስለ ለገመ አይደለም።»

ተሰብሳቢው አጉረመረመ። አንበሳ ከመቀመጫው ወርዶ እንጨቶቹን በቅርበት አያቸው።

«ነጻ አወጣሽው እንበል» አለ። «ግልገሎቹ ግን አሁንም ውኃ ይፈልጋሉ። ሃምሳን ስድሳ ማድረግ ትችያለሽ?»

ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ከመስኮት ሥር ቆሜ ስጠብቀው የኖርኩ ያህል ተሰማኝ። ጆሮዬ ተነሣ። እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም።

«እችላለሁ፣ ጌታዬ። ጉልበት ሳልጨምር።»

ጦጢትን ጠየቅኋት። «ስንት ልጥ ቀርቶሻል?»

«በየገመዱ ሦስት ሦስት እርምጃ ብቻ እቀጥልልሻለሁ፤ ከዚያ በላይ የለኝም።»

«ይበቃል። ገመዱ አሥር እርምጃ ይሁን።»

«ገመድ ሲረዝም ጉልበት መንገድ ላይ ይቀራል!» አለ ቀበሮ። «ይህን ሕፃን ያውቃል!»

«ገመድ ሲረዝም ጎታቹ በዳሩ ወደ ፊት ይርቃል» አልኩት። «ሲርቅ ገመዱ ወደ ቦዩ አቅጣጫ ይጠጋል። ዳሩ አምስት እርምጃ ነው፤ ገመዱ አሥር ሲሆን አምስት የአሥር ግማሽ ነው። ሳይኑ ግማሽ የሆነ አንግል ሠላሳ ዲግሪ ነው።»

አሥር ስንዝር የሆነ ዱላ ወስጄ ጫፉን አምስት ስንዝር ከፍታ ባለው ድንጋይ ላይ አስደገፍኩት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረችና ጥላው ከሥሩ መሬት ላይ ተኛ።

«ዱላው ገመዱ ነው። ጥላው ደግሞ ከገመዱ ጉልበት በቦዩ አቅጣጫ የሚሠራው ነው። ለኪው፣ ጦጢት።»

«ስምንት ከግማሽ... ትንሽ ከፍ ይላል።»

«መምህርቴ ይህን ጥላ ኮሳይን ትለው ነበር።»

«ከየት አገር ነው እርሱ?» አለ አንበሳ።

«በሁሉም አገር አለ፣ ጌታዬ። ዘንበል ያለ ነገር ባለበት ሁሉ አለ። የጎሽ አርባ በዚህ ጥላ ሲለካ ሠላሳ አራት ከግማሽ ይሆናል፤ የዳልቻ ሠላሳ ደግሞ ሃያ ስድስት። እነዚህ ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ስለሆኑ አሁን እንደ ድንች መደመር ይቻላል። ስድሳ ከግማሽ።»

«ግማሽ ድንጋይ ብቻ ነው የሚተርፍሽ?» አለች ኤሊ፣ አንገቷን አርዝማ።

«ግማሽ ድንጋይ ይበቃል» አልኩ። ማን እንዲህ አስደፈረኝ? አላውቅም። «ግን አንድ ነገር ቀርቷል። የዱላው ጫፍ ከመሬት አምስት ስንዝር ከፍ ብሏል፤ የአሥር ግማሽ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጉልበት ግማሹ ወደ ጎን ይስባል። ጎሽ ሃያ ወደ ቀኝ፣ ዳልቻ አሥራ አምስት ወደ ግራ። በመካከላቸው የአምስት ልዩነት አለ። ወደ ግራ አምስት ካልተጨመረ ግንዱ ቀኙ ዳር ላይ ይሰካል። አንድ ትንሽ የሐረግ ገመድ ከጎን ታስሮ ወደ ግራ የሚስብ ያስፈልጋል።»

«የቀረ ጎታች የለም» አለ አንበሳ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ጅብ ዞረ። ከጅብ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ለካስ አለ!»

«እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ ጌታዬ!»

«እኔ ደግሞ በላተኛ ነኝ!»

«ዛሬ ሁለታችሁም ጎታቾች ናችሁ። ጉልበታችሁ ስንት ነው?»

ለኳቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ድንጋይ ሆኑ። የግልገሎቹ ሳቅ ገደሉን ሞላው።

ገመዶቹ ረዘሙ። ጎሽና ዳልቻ በዳሩ ወደ ፊት ርቀው ቆሙ። ጅብና ቀበሮ አንድ ዋንዛ በቆመበት በግራው ዳር፣ መሃሉ ከግንዱ ጎን የታሰረውን የትንሹን ገመድ ሁለት ጫፎች ያዙ። «ጎትቱ!» ሲባል ግንዱ ጉርምርም ብሎ ተነሣ። ወዲያው ግን አፍንጫው ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ።  ዞር ስል ጅብ የገመዱን አንድ ጫፍ ይዞ ወደ ዳልቻ ዳሌ ይስባል፤ ቀበሮ ደግሞ በሌላው ጫፍ በተቃራኒው፣ ከኋላ ወዳለ የዛፍ ጥላ ይስባል። ፊታቸውን አዙረው ተፋጠዋል፤ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ገመዱ ግን ከመሃላቸው ፍንክች አይልም።

«ቀበሮ!» አለ አንበሳ። «ሦስትና ሦስት ስንት ነው?»

«ስድስት፣ ጌታዬ!» አለ ቀበሮ እያለከለከ።

«ታዲያ ስድስቱ የት አለ?»

ቀበሮ ገመዱን አየ። ጅብን አየ። 

«ባዶ ነው» አለች ጦጢት ከላይ ሆና። «ሲጋጩ ባዶ ነው የሚሆኑት! አህያ ያለችው ገብቶኛል!»

«ሁለታችሁም ወደ ግራ!» ብዬ ጮህኩ። ዓይን አፋርነቴ የት እንደ ገባ እንጃ። «አያ ጅቦ፣ ወደ ዋንዛው ፊትህን አዙር! ወደ ዋንዛው!»

ወደ ዋንዛው ዞሩ። ግንዱ ቀና አለ። መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ አንድ ክንድ፣ ከዚያ ጭቃውን ሰንጥቆ ተንሸራተተ። ከኋላው ውኃው ፈነዳ። ድምፁ እንደ ጭብጨባ ነበር። ግልገሎቹ ሮጠው አፋቸውን ነከሩ፤ የእናቶቻቸው ዓይን እንባ አቀረረ። ጎሽ፣ ያ ኩሩ ጎሽ፣ ወደ እኔ መጥቶ ቀንዱን እስከ መሬት ዝቅ አደረገልኝ። የአገሩ እንስሳ ሁሉ ያየው ነገር ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ሳስበው ደረቴ ይሰፋል።

አንበሳ ከምንጯ ሦስት ጊዜ ከተጎነጨ በኋላ አጠገቤ ቆመ።

«ስድሳ ከግማሽ አልሽ፤ ስድሳ ከግማሽ ሆነ» አለ። «ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ጠዋት ገመዱ ሲታሰር እዚያው ነበርሽ። ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

 ዳልቻ አጠገቤ ቆሟል፤ የአንገቱ ጸጉር በገመዱ ተላጦ ደም አዝሏል።

«አሁን ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። «ግንዱ ሲያዘምም አይቼ ነው።»

«ብልህ ናት» አለ አንበሳ። ሁሉም ዘፈነልኝ።

ዳልቻ የተላጠ አንገቱን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። «እታለም፣ እንዴት እዳሽን እከፍላለሁ?» አለኝ።  አፍሬ ዝም ያልኩ መስሎት ሳቀ። በእውነትም አፍሬ ነበር፤ እርሱ ባሰበው ነገር ግን አልነበረም። ያን ቁስል ሊያድነው የሚችል ቃል ጠዋት በአፌ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን ዝንብ ነው ብዬ ዋጥኩት።

በማግሥቱ ጠዋት አንበሳ ሌላ ደቦ ጠራ። ከግንዱ ጋር የወረደ አንድ ቋጥኝ ከኩሬው አፍ መነሣት ነበረበት። ቀበሮ እንደ ልማዱ ከፍታው ላይ ወጣ፤ ጎሽ አርባ፣ ዳልቻ ሠላሳ ብሎ ጠራ። ገመዱ ገና በጦጢት እጅ ነበር። ግልገሎቹ ወደ እኔ እያዩ ነበር፤ ጆሮዬም እንደ ሁልጊዜው ወደ ኋላ መተኛት ጀመረ። እኔ ግን ማንም አፉን ሳይከፍት ከተሰብሳቢው ፊት ወጣሁና በሙሉ ድምፄ፣ «ከመደመራችሁ በፊት፣ ወዴት ነው የሚጎትቱት?» ብዬ ጠየቅሁ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበት አቅጣጫውን ካልያዘ የቱንም ያህል ቢበዛ እንደሚባክን ሁሉ፣ እውቀትም ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ካልተነገረ የወዳጅን አንገት ከመላጥ እንደማያድን ነው።